በቃል የተነገረ መንገድ

(ለማታ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ሁላችሁም ዘወትር ስለምትሠሩት አንድ ሥራ ነው። ይኸውም ለሰው መንገድ መንገር ነው። እንግዳ ሰው መጥቶ «የእገሌ ቤት በየት በኩል ነው?» ቢላችሁ ትነግሩታላችሁ። እሱም ቦታውን ሳያይ ቃላችሁን ብቻ ይዞ ይሄዳል። አንዱ በቀጥታ ይደርሳል፤ ሌላው ዞሮ ዞሮ ይጠፋል። ሁለቱም ጆሮ አላቸው፤ ሁለቱም ቋንቋውን ያውቃሉ። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም፤ ከራሴ ስህተት ነው። ስህተቴን ስነግራችሁ አፍራለሁ፤ ነገር ግን ለእናንተ ትምህርት ከሆነ ማፈሬ ምንም አይደለም።

ነገሩ የሆነው በክረምት ነው። አንዲት ጎረቤታችን ምጥ ይዟት ሌሊቱ ሲገፋ ደም በዛባት። ጤና ረዳቷ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ ነው። ባልየው እየሮጠ መጣና «አስተማሪ፣ እባክህ ወረቀት ጻፍልኝ። ልጁ ሄዶ ይስጣት» አለኝ። እኔም በኩራዝ ብርሃን ቶሎ ብዬ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦

«ወንዙን እንደ ተሻገሩ ዋርካው በቀኝ በኩል ነው። ቤቱ ከዋርካው ጀርባ ነው። ይድረሱልን።»

ልጁ ወረቀቱን ሰጣትና የወላዷን እናት ለመጥራት ወደ ሌላ መንደር አለፈ። ጤና ረዳቷ ባትሪዋን ይዛ ብቻዋን ተነሣች። ላይኛው መሻገሪያ ሞልቶ ስለ ነበር በታችኛው የእንጨት ድልድይ ተሻገረች። ወረቀቱ «በቀኝ» ስለሚል ወደ ቀኝ ታጠፈች። እውነትም ዋርካ አገኘች። ግን ሌላ ዋርካ ነው። ከጀርባው ያለው ቤትም የሌላ ሰው ቤት ነው። ውሻ ተነሣባት። ተመልሳ በስንት ጭንቅ ትክክለኛውን ዋርካ ስታገኝ ደግሞ «ጀርባው» ወደ ላይ በኩል መስሏት ዳገቱን ወጣች። ቤቱ ግን ከዋርካው በታች፣ ወደ ወንዙ ገባ ብሎ፣ በቁጥቋጦ ተከልሎ ነበር። በመጨረሻ የደረሰችው ጎህ ሲቀድ ነው።

እናትየዋ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደች። እሷም ሕፃኑም ተርፈዋል። ሆኖም ያ በከንቱ ያለፈ ጊዜ ነፍስ ሊያስጠፋ ይችል ነበር። በሦስተኛው ቀን ጤና ረዳቷ ወረቀቴን መለሰችልኝና «ቀኝ ብለህ ጽፈሃል፤ የማን ቀኝ ነው? ዋርካስ ከመቼ ወዲህ ነው ጀርባ ያወጣው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፊደል መቁጠሬም፣ ዩኒቨርሲቲ መግባቴም ያን ጊዜ አልረዳኝም።

ከዚያ በኋላ ይህ ጉዳይ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ያነበብኩትንም ያየሁትንም አገናኝቼ ዛሬ ለእናንተ አቀርባለሁ።

ሳይነገር የሚታወቅ ነገር

እስቲ በመጀመሪያ አንድ ሙከራ እናድርግ። ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑና አዳምጡኝ።

አንድ ቤት አለ። ከቤቱ በስተ ምሥራቅ በረት አለ። ከበረቱ በስተ ምሥራቅ ጎተራ አለ። ከጎተራው በስተ ሰሜን የውሃ ጉድጓድ አለ።

አሁን ዓይናችሁን ግለጡ። ጎተራው ዘንድ ለቆመ ሰው ቤቱ በየት በኩል ነው? «በፀሐይ መግቢያ በኩል ነዋ!» ትላላችሁ። ትክክል ነው፤ በምዕራብ ነው። ከቤቱ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ የሚሄድ ሰውስ ወዴት ያመራል? በምሥራቅና በሰሜን መካከል፣ አይደለም?

እኔ ግን «ምዕራብ» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ስለ ቤቱና ስለ ጉድጓዱም አንድ ላይ የተናገርኩት የለም። ታዲያ ማን ነገራችሁ? ማንም አልነገራችሁም። ቃሌን ሰምታችሁ በሐሳባችሁ ግቢ ሠራችሁ። ከዚያም የሠራችሁትን ግቢ ተመልክታችሁ መለሳችሁ። ሰው ስለ ቦታ ሲነገረው የሚይዘው ቃሉን ብቻ አይደለም። ቃሉን እንደ ጭቃና እንደ ማገር አድርጎ ቦታውን በአእምሮው ይሠራል።

ሕፃናት ከጭቃ ትንሽ ቤት፣ ትንሽ በሬ ሲሠሩ አይታችኋል። የጭቃው በሬ እውነተኛ በሬ አይደለም፤ ግን ቀንዱ በራሱ ላይ፣ ጅራቱ በኋላው፣ እግሩ ከሥሩ ነው። አቀማመጡ ከእውነተኛው ጋር ይመሳሰላል። አእምሯችንም የሚሠራው እንዲህ ያለ አምሳያ ነው። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ኬኔዝ ክሬይክ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው አእምሮ የውጭውን ዓለም ትንሽ አምሳያ በውስጡ እንደሚይዝና ነገር ከመድረሱ በፊት በአምሳያው ላይ እንደሚሞክር አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ፊሊፕ ጆንሰን-ሌርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ይህን ሐሳብ አስፋፍቶ፣ ንግግር የምንረዳው እንዲህ ዓይነት አምሳያ እየሠራን መሆኑን በሰፊው ጻፈ።

ይህም በሙከራ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1972 ብራንስፎርድ፣ ባርክሌይና ፍራንክስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለ ኤሊዎች የሚናገር ዓረፍተ ነገር ለሰዎች አሰሙ። ኤሊዎቹ ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ግንድ ላይ ናቸው፤ አንድ ዓሣ ከኤሊዎቹ ሥር ያልፋል። ቆየት ብለው ሰዎቹ የሰሙትን እንዲለዩ ሲጠየቁ፣ ዓሣው ያለፈው ከግንዱ ሥር ነው የሚለውንም «ሰምተነዋል» አሉ። ይህን ግን አልሰሙም። ኤሊዎቹ ግንዱ ላይ ከሆኑ፣ ከኤሊዎቹ ሥር ያለፈ ዓሣ ከግንዱም ሥር ያልፋል። ሰዎቹ በሐሳባቸው ያዩትን ከሰሙት ጋር ቀላቀሉት። ኤሊዎቹ ግንዱ ላይ ሳይሆን ከግንዱ አጠገብ ናቸው የተባሉት ሰዎች ግን እንዲህ አልተሳሳቱም።

ስለዚህ መንገድ የሚነግር ሰው ቃል ብቻ የሚሰጥ እንዳይመስለው። በሌላው ሰው ራስ ውስጥ ቤት እየሠራ ነው። አጣሞ ከሠራው ሰውየው በጠማማው ቤት ውስጥ ይሄዳል።

የመንገደኛና የአሞራ አነጋገር

ስለ ቦታ የምንናገርበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛውን የመንገደኛ አነጋገር እንበለው። «ከዚህ ተነሥተህ ቁልቁል ትወርዳለህ፤ ወንዙን ትሻገራለህ፤ ከዚያ ወደ ግራ ትታጠፋለህ» የሚለው ነው። ሁለተኛውን የአሞራ አነጋገር እንበለው። «ገበያው ከወንዙ በስተ ደቡብ ነው፤ ወፍጮው በገበያውና በወንዙ መካከል ነው» የሚለው ነው። አሞራ ከላይ ሆና አገሩን በሙሉ እንደምታይ ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው የሚቀናው የመንገደኛው ነው። ሊንዴና ላቦቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ፣ በኒው ዮርክ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች የቤታቸው አቀማመጥ ምን እንደሚመስል ሲጠየቁ፣ አብዛኞቹ እንግዳ ይዘው የሚያስጎበኙ ይመስል ከበር ጀምረው ክፍል በክፍል ነገሯቸው። እኛም ያው ነን፤ «በበሩ ስትገባ መደቡ በግራህ ነው» እንላለን።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ሆሊ ቴይለርና ባርባራ ትቨርስኪ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1992 ይህን ጠየቁ። ለአንዳንዱ ሰው ስለ አንድ ቦታ በመንገደኛ አነጋገር የተጻፈ፣ ለሌላው በአሞራ አነጋገር የተጻፈ አስነበቡ። ከዚያም በሁለቱም ዓይነት ጠየቋቸው። በጽሑፉ ውስጥ በቀጥታ ያልተነገረውን፣ አስበው የሚያወጡትን ጥያቄ፣ በመንገደኛ ያነበበውም በአሞራ ያነበበውም እኩል መለሰ። ይህ ለምን ሆነ? አምሳያው እንደ ጭቃው በሬ ስለ ሆነ ነው። ከየትኛውም በኩል ቢሠራ አንዴ ከቆመ በኋላ አዙሮ ማየት ይቻላል።

እንግዲህ ሁለቱም አነጋገሮች ደህና ናቸው። ጥፋት የሚመጣው አንዱን ከሌላው ስንደባልቅ ነው። የእኔን ወረቀት ተመልከቱ። «በቀኝ» ስል በሐሳቤ ከጤና ረዳቷ ጋር ላይኛውን መሻገሪያ እየተሻገርኩ ነበር። «ከጀርባ» ስል ግን በራሴ ደጃፍ ተቀምጬ፣ ወደ ወንዙ ቁልቁል እያየሁ ነበር። በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ሁለት ቦታ ቆምኩ። እሷ ግን አንድ ሰው ናት፤ ሁለት ቦታ መቆም አትችልም።

ቀኝና ግራ ለምን ያሳስታሉ?

ሰውነታችንን እንመልከት። ላይና ታች አይምታታብንም፤ ራስ በላይ ነው፣ እግር በታች ነው፤ የወደቀም ነገር ሁልጊዜ ወደ ታች ይወድቃል። ፊትና ኋላም ይለያያሉ፤ የምናየውም የምንራመደውም ወደ ፊት ነው። ቀኝና ግራ ግን መንታ ናቸው። ሁለት እጅ፣ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት እግር፤ አንዱ የሌላው አምሳያ ነው።

ናንሲ ፍራንክሊንና ባርባራ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ለክተዋል። ሰዎች በአንድ ቦታ መካከል እንደ ቆሙ አድርገው እንዲያስቡ የሚያደርግ ጽሑፍ አስነብበው፣ በዙሪያቸው ያለው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ጠየቋቸው። ከራስ በላይና ከእግር በታች ያለውን ከሁሉ ቀድመው መለሱ። ቀጥሎ ከፊትና ከኋላ ያለውን። በቀኝና በግራ ያለውን ግን ከሁሉ ዘግይተው መለሱ።

የእኛም ቋንቋ ይህን የሚያውቅ ይመስላል። የአልጋውን አንድ ጫፍ ራስጌ፣ ሌላውን ግርጌ እንላለን። ራስጌ ከራስ፣ ግርጌ ከእግር የመጣ ነው። «የተራራው ግርጌ» ብንል ማንም አይሳሳትም። ወረዳዎቻችንንም ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ ላይ አርማጭሆና ታች አርማጭሆ ብለናቸዋል። በተራራማ አገር ላይና ታች የታመኑ ምልክቶች ናቸው። ሰው ፊቱን ቢያዞርም ዳገቱ ቁልቁለት አይሆንም።

በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ደግሞ ጉጉ ይሚዲር የሚባል ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች አሉ። በባህላዊው አነጋገራቸው በአጠገባቸው ላለ ትንሽ ነገር እንኳን የሚጠቀሙት በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ነው። እኛ «በቀኝህ በኩል» የምንለውን እነሱ «በስተ ሰሜን» ይሉታል። ለዚህም ሁልጊዜ አቅጣጫቸውን ማወቅ አለባቸው።

ፊትና ጀርባም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤት ፊት አለው፤ በሩ ነው። በሬም ሰውም ፊት አላቸው። ዋርካ፣ ጉድጓድና ድንጋይ ግን ፊት የላቸውም። «ከዋርካው ጀርባ» ማለት «እኔ ከቆምኩበት ወዲያ» ማለት ብቻ ነው። አድማጩ አንተ የቆምክበትን ካላወቀ ቃሉ ባዶ ነው።

ሁለት ሥዕል ያለው ቃል

አሁን ሌላ ምሳሌ ስሙኝ። «በረቱ ከቤቱ በስተ ምሥራቅ ነው። ጎተራውም ከቤቱ በስተ ምሥራቅ ነው።» ለቤቱ የሚቀርበው በረቱ ነው ወይስ ጎተራው? አይታወቅም። ቃሉ ሐሰት የለበትም፤ ግን ሁለት ሥዕል ይሠራል።

ማኒ የተባለ ተመራማሪ ከጆንሰን-ሌርድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ጥናት፣ አንድ ሥዕል ብቻ የሚሠራ አነጋገር የሰሙ ሰዎች የነገሩን አቀማመጥ ደህና አድርገው ያስታውሳሉ። ከአንድ በላይ ሥዕል የሚሠራውን የሰሙት ግን አቀማመጡ ይጠፋባቸዋል፤ ቃሉን እንደ ተነገረ ለመያዝ ይታገላሉ። በዚያው ዓመት ኤርሊክ የተባለች ተመራማሪ ከጆንሰን-ሌርድ ጋር ሆና ሌላ ነገር አሳየች። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከፊተኛው ጋር ሲያያዝ አድማጭ አቀማመጡን በቀላሉ ይሠራል። ያልተያያዘ ነገር በመካከል ሲገባ ግን ሁለት የተቆራረጠ ነገር በራሱ ተሸክሞ መጠበቅ ስላለበት ይከብደዋል። እንጨት ስትለቅሙ የመጀመሪያውን ሸክም ሳታስሩ ሌላ እንደ መጨመር ነው፤ ይበተናል።

በእኔ ወረቀት ላይ ሌላም ጥፋት ነበር። «ዋርካው» ብዬ ጻፍኩ። «ዋርካው» የሚባለው ሁለታችንም ለምናውቀው ዋርካ ነው። ለማያውቅ ሰው «አንድ ትልቅ ዋርካ ያገኛሉ» ነው የሚባለው። ያውም በዚያ ወንዝ ዳር ሁለት ዋርካ አለ። ለእኔ አንድ፣ ለእሷ ሁለት ነበር።

ወረቀት ጣት የለውም

በአፋችን ስንነግር ብዙ ረዳት አለን። በጣት እናመለክታለን፤ በአገጭ እናሳያለን፤ «ያቻትና! እዚያ ማዶ!» እንላለን። ሰውየው ካልገባው ፊቱ ላይ ይታወቃል፤ ደግመን እንነግረዋለን። ወረቀት ግን ጣት የለውም። አንባቢው ቢጠይቀው አይመልስም። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው አዲስ ኃላፊነት አለበት። ድሮ በእጁ ያመለክት የነበረውን ሁሉ አሁን በቃል መሙላት አለበት። እናንተም ፊደል ቆጥራችኋልና ነገ ደብዳቤ የምትጽፉት፣ ሐኪም የምትጠሩት፣ የተጋባዡን መንገድ የምትጠቁሙት እናንተው ናችሁ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ምክር የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ አድማጩ ከሚያውቀው ቦታ ጀምሩ። እሱ በየት በኩል እንደሚመጣ በመጀመሪያ ጠይቁ።

2ኛ/ እያንዳንዱን ቦታ ከፊተኛው ጋር አያይዙ። በመካከል አትዝለሉ።

3ኛ/ ቀኝና ግራ ስትሉ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ተናገሩ። ቢቻል ላይና ታች፣ የውሃውን መውረጃ፣ የፀሐይን መውጫና መግቢያ ተጠቀሙ።

4ኛ/ የማይንቀሳቀስ ምልክት ምረጡ። «ከብቶች ከሚግጡበት» አትበሉ፤ ከብቶቹ ማታ ወደ በረታቸው ይገባሉ።

5ኛ/ «ቅርብ ነው» አትበሉ። ቅርብ ለጎረምሳና ለሽማግሌ አንድ አይደለም። እርምጃውን ወይም ጊዜውን ተናገሩ።

6ኛ/ መሳሳቱን የሚያውቅበትን ምልክት ስጡት። «ወፍጮ ቤቱን ካየህ አልፈሃልና ተመለስ» በሉት።

7ኛ/ በአፍ ከሆነ «እስቲ መልሰህ ንገረኝ» በሉት። በጽሑፍ ከሆነ ቦታውን ለማያውቅ ሰው አስነብቡትና በመሬት ላይ በእንጨት ይሳለው። ያን ጊዜ በራሱ ውስጥ የሠራችሁትን ቤት በዓይናችሁ ታያላችሁ።

እኔም ያን ወረቀት ደግሜ ጽፌዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ላይኛው መሻገሪያ ሞልቷልና በታችኛው የእንጨት ድልድይ ይምጡ። ድልድዩን ተሻግረው እንደ ጨረሱ ውሃው ወደሚመጣበት፣ ወደ ላይ በኩል ይታጠፉ። ወንዙን በግራዎ እያደረጉ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይሂዱ። አንድ ትልቅ ዋርካ ያገኛሉ። ቤቱ በዋርካውና በወንዙ መካከል ነው። ከድልድዩ በታች ሌላ ዋርካ ስላለ ወደዚያ እንዳይሄዱ። ወፍጮ ቤት ከደረሱ አልፈዋልና ይመለሱ። ደጅ ላይ ፋኖስ እንሰቅላለን።»

ረዝሟል፤ እውነት ነው። ለመጻፍ ምናልባት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ያን ሌሊት ቶሎ ብዬ በአንድ ደቂቃ ጽፌ ነበር። ያተረፍኳት አራት ደቂቃ ግን የአንዲትን ወላድ ሌሊት ሙሉ በላች።

ወረቀቱን ለጤና ረዳቷ አሳየኋት። አንብባ ዝም አለች። ከዚያም ዓይኗን ጨፍና በጣቷ በአየር ላይ መንገዱን ተከተለች። «አዎን፤ አሁን ደርሻለሁ» አለችኝ።

እናንተም ስትጽፉ አንባቢያችሁ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲደርስ አድርጋችሁ ጻፉ። 

መወያያና መልመጃ

1. ጸሐፊው በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ስንት ስህተት ሠራ? አንድ በአንድ ንገሩ።

2. «ከጉድጓዱ ጀርባ» እና «ከቤቱ ጀርባ» የሚሉት በምን ይለያያሉ?

3. በአካባቢያችሁ በክረምትም በበጋም፣ በቀንም በሌሊትም የማይለወጡ አምስት ምልክቶች ጥቀሱ።

4. ከማንበቢያ ቤቱ ወደ ቤታችሁ የሚያደርሰውን መንገድ በስድስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቤታችሁን የማያውቅ ተማሪ አንብቦ በመሬት ላይ ይሳለው። ሥዕሉ ከተሳሳተ ተማሪውን አትውቀሱ፤ ጽሑፋችሁን አርሙ።